ስለ ሙዚቃ ከጻፈ ሰው ጋር ስትወያዩ ዘፈኑን አሰሙ

ስለ ሙዚቃ የተጻፈ መጽሐፍ ለውይይት ሲቀርብ ብዙ ጊዜ እታደማለሁ። አንዳንዱን ደግሞ ራሴ እመራዋለሁ። ከአዳራሽ ስወጣ ሁሌም አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ ዛሬ ስንት ዘፈን ሰማን? አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ምንም ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ክራር ይወራል፤ ክራር ግን አይሰማም። ስለ ጥላሁን ገሠሠ ድምፅ ይተነተናል፤ ጥላሁን አንዲት ስንኝ ሳይዘፍን ሰው አጨብጭቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህ ያሳዝነኛል። ጸሐፊው መጽሐፉን የጻፈው ከሰማው ነገር ተነስቶ ነው። ታዳሚው ያንን ሳይሰማ መጽሐፉን እንዴት ይከተለው?

ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ውይይት ለመምራት ለምታስቡ፣ በመጽሐፍ ክበብም ይሁን በራዲዮ ወይም በዩቲዩብ፣ እኔ የምሠራበትን መንገድ ልንገራችሁ።

መጽሐፉን ስልክና ኢርፎን ይዛችሁ አንብቡ። የዘፈን ስም በመጣ ቁጥር ንባቡን አቁሙና ዘፈኑን ስሙት። ቀስ ያደርጋችኋል፤ ያድርጋችሁ። ሰምታችሁ ስትመለሱ ሁለት ዓይነት ቦታ ላይ ምልክት አድርጉ። አንደኛው፣ ጸሐፊው ያለውን ነገር ቁልጭ አድርጋችሁ የሰማችሁበት ነው። ሁለተኛው፣ የተጻፈው ሌላ፣ ጆሯችሁ የሰማው ሌላ የሆነበት ነው። ለምሳሌ ጸሐፊው ስለ ሳክስፎኑ ሁለት ገጽ ጽፎ፣ እናንተ ግን ዘፈኑን የተሸከመው ቤዝ ጊታሩ ነው ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። የውይይቱ ምርጥ ጥያቄ ከዚህ ከሁለተኛው ይወጣል። «እርስዎ ሳክስፎኑን ነው ያነሱት፤ እኔ ደግሞ ቤዙን ሰማሁ። እስቲ አብረን እንስማው» ስትሏቸው ክርክሩ ራሱ ደስ ይላል። ማንም አይቀየምም፤ ድምፁ ሁለታችሁም ፊት አለ።

ከምልክቶቹ ውስጥ ሦስት ወይም አራት ምረጡ። ከዚያ በላይ አታብዙ። እያንዳንዱን ወደ አንድ ደቂቃ ገደማ ቁረጡት። ሙሉ ዘፈን ከከፈታችሁ ሰው ወደ ትዝታው ይሄድባችኋል፤ መመለስ ከባድ ነው። የትኞቹን ዘፈኖች እንደምታሰሙ ለጸሐፊው ቀደም ብላችሁ ንገሩ። ጥያቄዎቹን ግን አትላኩ። ጥያቄ የተላከለት ሰው መልሱን ጽፎ ይመጣል፤ ከዚያ ውይይቱ ንባብ ይሆናል።

ድምፁን አውርዳችሁ ያዙት። ኔትወርክ አትመኑ። ባትሪው የተሞላ ስፒከር ይኑራችሁ፤ መብራት ሲጠፋ እሱ ያወጣችኋል። የስልክ ድምፅ ማይክ ላይ ደግኖ ማሰማት የሚባለውን ነገር ግን እባካችሁ ተዉት። ቤዙ ይጠፋል፣ ከበሮው ቆርቆሮ ይሆናል። ሰው ያንን ሰምቶ «ይሄ ነው እንዴ የተባለለት?» ይላል።

ጥያቄውን ከየት እንጀምር?

«መጽሐፉን ለመጻፍ ምን አነሳሳዎት?» እና «መልእክትዎ ምንድን ነው?» የሚሉትን እተዋለሁ። ደራሲው በየቃለ መጠይቁ መልሶላቸዋል፤ ቃል በቃል ያውቀዋል። እኔ የምጀምረው «ይሄን ዘፈን መጀመሪያ የሰሙት የት ነው? የማን ቤት? ከራዲዮ ነው ከሸክላ?» ብዬ ነው። እንዲህ ስትጠይቁት ዓይኑ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ማስታወስ ይጀምራል። የአጎቱ ግራሞፎን ይመጣል። የጠጅ ቤቱ ደጃፍ ይመጣል። ካሴቱ ሲጠመጠም በእስክሪብቶ ይመለስ የነበረው ይመጣል። ሰፊው ትንታኔ ከዚያ በኋላ በራሱ ይከተላል፤ ያኔ ደግሞ መቆሚያ መሬት አለው።

እኔ ጆሮዬን ያሠለጠንኩት በወጣትነቴ ፒያሳ ካሴት ቤት ስሠራ ነው። ደንበኛ የሚፈልገውን ዘፈን ርእስ አያውቅም። «ያ እንኳን፣ እንዲህ የሚለው» ብሎ ያንጎራጉራል። ሁለት መስመር ካንጎራጎረ ይበቃን ነበር። መድረክ ላይም ይሄንኑ አደርጋለሁ። ጸሐፊው «ዜማው እዚህ ጋ ይታጠፋል» ሲል «እስቲ ያንጎራጉሩልን» እላለሁ። ብዙዎቹ «ድምፅ የለኝም» ይላሉ። ዝም ብላችሁ ጠብቁ፤ አትተካኳቸው። ያንጎራጉራሉ።

ቅኝት ላይ፣ ዜማው በሚሄድባቸው አምስት ድምፆች ላይ፣ ደግሞ ልቆይ፤ ብዙ ውይይት የሚፈርሰው እዚህ ነው። ጸሐፊው «ይህ ዘፈን በትዝታ፣ ያኛው በባቲ ነው» ይላል። ሙዚቃ የተማረው ራሱን ይነቀንቃል፣ ሌላው አዳራሽ ዝም ይላል። መፍትሔው ቀላል ነው። አንድ ኪቦርድ ወይም ክራር የሚጫወት ልጅ ለአሥር ደቂቃ ጋብዙ። መጀመሪያ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይጫወት። ይህ ሜጀር የሚባለው ትዝታ ነው። ከዚያ ሚን እና ላን ብቻ ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጎ ይድገመው። ማይነሩ ትዝታ መጣ። ሁለት ድምፅ ብቻ ነው የተነካው፤ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ግን በሙሉ ይሰማዋል። ደረቱን የሚይዝ አለ። ቀጥሎ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ዝቅ ያለ ላ ይጫወት፤ አምባሰል ነው። እዚያው ላይ ሶሉን ግማሽ አውርዶ ላውን ግማሽ ከፍ ሲያደርገው አንቺ ሆዬ ይሆናል። ከዚህ በኋላ ጸሐፊው ቅኝት በጠራ ቁጥር ሰዉ አብሮት ነው።

መሣሪያም እንደዚሁ ነው። ስለ በገና የጻፉ አንድ መምህር ጋብዤ ነበር። መጽሐፋቸው ውስጥ ስለ እንዚራ ሁለት መስመር ብቻ አለ። እንዚራ ከአውታሩና አውታሩን ከሚሸከመው ብርኩማ መካከል የምትገባ ቁራጭ ቆዳ ናት። «በገናውን ይዘው ይምጡ» ብያቸው ነበርና አንዱን አውታር ደረደሩት። ያ የምናውቀው የሚርገበገብ ድምፅ ወጣ። ከዚያ እንዚራዋን በሁለት ጣታቸው ሳብ አድርገው አወጡና ያንኑ አውታር መቱት። ደረቅ፣ አጭር ድምፅ። ልክ ሌላ መሣሪያ ነበር የሚመስለው። መልሰው ሲያስገቧት ደግሞ ቶሎ አልተስማማችም። ትንሽ ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ ታች እያደረጉ፣ ጆሯቸውን ወደ መሣሪያው ዘንበል አድርገው ፈለጉት። ርግብግቡ ሲመለስ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ «አሁን ገባኝ» ስትል ተሰማ። ከመጽሐፉ ሁለት መስመር ውስጥ ሃያ ደቂቃ ውይይት ወጣ። እንግዳችሁ ስለ መሣሪያ የጻፈ ከሆነ መሣሪያው ይምጣ። ስለ ማሲንቆ ከሆነ ጭራው ይታይ፣ እጣኑ ይሸተት።

ስለ ዜማ ቤት የጻፉ ሰው ሲጋበዙ

የቤተ ክርስቲያን ዜማ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሊቁ የኔታ ከሆኑ የኔታ በሏቸው፤ መድረክ ነው ብላችሁ «አቶ» አታድርጓቸው። ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ የሚሉትን ሦስቱን የቅዱስ ያሬድ ዜማዎች አብዛኛው ሰው በስም ያውቃቸዋል። በጆሮ የሚለያቸው ግን ጥቂት ነው። አንዱን ቃል በሦስቱም እንዲሉት በትሕትና ጠይቁ። ፈቃዳቸው ካልሆነ አትጫኑ። ለጸሎት የሚባል ነገር ለትርኢት አይጠየቅም፤ ይህን የማያውቅ አወያይ ሊቁን ያስከፋል።

ምልክቶቹንም አሳዩ። ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ርክርክ እያሉ ከፊደሉ በላይ የተቀመጡትን አንድ ገጽ በትልቁ አስነስታችሁ ግድግዳ ላይ አብሩ። ሊቁ በጣታቸው እየተከተሉ አንዲት መስመር ሲያዜሙ፣ ወጣቱ ይህ ጥቃቅን ምልክት ድምፅ መሆኑን ያያል።

ወቅቱንም አስቡበት። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል አይሰማም፤ ስለ ወረብና ማሕሌት መጽሐፍ ለማወያየት ያ ጊዜ አይመችም። ለበገና ግን ከዚያ የተሻለ ወቅት የለም፤ የሰዉ ጆሮ ራሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል።

ግጥምና ዜማው የማን ነው?

እኛ ዘፈንን በዘፋኙ ስም ነው የምንጠራው። የሸክላውና የካሴቱ ዘመን ደግሞ ይህን አባብሶታል። ስለ ድሮ ዘፈን የጻፈ ሰው ስታገኙ ሦስት ነገር ለያይታችሁ ጠይቁ፤ ግጥሙ የማን ነው፣ ዜማው የማን ነው፣ ቅንብሩ የማን ነው? ጸሐፊው ሦስቱንም ካወቀ ወርቅ አገኛችሁ። ሁለቱን ብቻ ካወቀ ወደ ታዳሚው ዙሩ። ከጡረተኞቹ የኦርኬስትራ ተጫዋቾች አንዱ ከኋላ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ለእሱ ማይክ ቅድሚያ ስጡት። ጋሼ ብላችሁ፣ ተነስታችሁ ስጡት። የሙዚቃ አቀናባሪውን ነርሲስ ናልባንዲያንን የመሰሉ ሰዎች ከመድረክ ጀርባ የሠሩትን ሥራ የምናውቀው እንዲህ ዓይነት አረጋውያን ስለመሰከሩ ነው።

ከግጥም ጸሐፊ ጋር ስትነጋገሩ የተሰረዘውን ስንኝ ጠይቁ። «ይህ መስመር መጀመሪያ እንዲህ ነበር?» በሉ። ሰምና ወርቅ ያለበት ግጥም ከሆነ ሰሙን ታዳሚው ይናገር፣ ወርቁን ለጸሐፊው ተዉለት። የአዝማሪ ቤት ጥናት የጻፈ ሰው ሲመጣም ይሄው ይሠራል። አዝማሪው ተቀባይ ሲያገኝ ነው የሚሞቀው፤ ደራሲም እንደዚያ ነው።

በእኛ ነው በፈረንጅ?

ዓመተ ምሕረት በተጠራ ቁጥር ይህን ጠይቁ። አሰልቺ ብትመስሉም ጠይቁ። አምሃ እሸቴ ሸክላ ማሳተም የጀመረው በፈረንጆች 1969 ነው። ያኔ ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር፤ አምሃ ግን ደፍሮ ገባበት። አሁን ጸሐፊው መድረክ ላይ «በ1969 አምሃ» ብሎ ቢያልፍ፣ ከታዳሚው ግማሹ 1969 ሲባል የሚመጣለት ቀይ ሽብር ነው። በአንድ ጊዜ የንጉሡ ዘመን ሸክላ በደርግ ዘመን ወጣ ማለት ነው። ታሪኩ ተገለበጠ። እኔ ትንሽ ነጭ ሰሌዳ ከጎኔ አቆማለሁ፤ ዓመት ሲጠራ በሁለቱም አቆጣጠር እጽፈዋለሁ። ሰው ዓይኑን ወደዚያ እያደረገ ያዳምጣል።

ከዓመት ጋር «ወርቃማው ዘመን» የሚለው ነገርም ይመጣል። ጸሐፊው ይህን ሲል አታሳልፉት። ወርቃማ ለማን ነበር በሉት። የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ሙዚቀኞች የመንግሥት ቅጥረኞች ነበሩ። ደመወዛቸውን፣ ፈቃዳቸውን፣ ውጭ ለመጫወት ምን እንደሚያስፈልጋቸው አስጠይቁ። ከዚያ ደግሞ ሌላውን ጎን አንሱ። ደርግ ሰዓት እላፊ ሲጥል የማታ ክበቡ ተዘጋ፣ ሸክላው ቀረ፤ ካሴቱ ግን በየቤቱ ገባ። የኔ ትውልድ ሙዚቃን የወደደው በዚያ ካሴት ነው። ከሸክላው ዘመን ውጭ ያለውን ሁሉ ውድቀት አድርጎ የሚጽፍ ሰው ሲገጥመኝ ከሮሃ ባንድ ዘመን ካሴቶች አንዱን ከፍቼ፣ «ይሄስ?» እለዋለሁ። የምለውን የምለው በፍቅር ነው፤ እውነትም መልሱን መስማት እፈልጋለሁ።

የውጭ አገር ጸሐፊ ከሆነ

ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በኢትዮፒክስ ተከታታይ አልበሞች የእኛን ሸክላዎች ለዓለም አሰምቷል። አሜሪካዊቷ ኬይ ሼለመይ በፈረንጆች 1973 ኢትዮጵያ መጥታ የቤተ እስራኤልን የጸሎት ዜማ አጥንታለች። አብዮቱ የፈነዳው እሷ እዚያው እያለች ነው። እነዚህን የመሰሉ ሰዎች ለዚህ ሙዚቃ ዕድሜያቸውን ሰጥተዋል፤ አክብሮት ይገባቸዋል። አክብሮት ማለት ግን ዝም ማለት አይደለም። ግጥሙን ማን ተረጎመልህ? ዘፋኙ ስለዚህ ምዕራፍ ምን አለ? ከቅጂው ገንዘብ ምን ደረሰው? እነዚህን ጠይቁ።

ሼለመይ የቤተ እስራኤል ሥርዓተ ጸሎት ከኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ምንኩስና ጋር ጥብቅ ዝምድና አለው ብላ ጽፋለች። ይህ እስራኤል ውስጥ ላሉ ወገኖቻችን ተራ የሙዚቃ ነጥብ አይደለም፤ ማንነታቸውን ይነካል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ለውይይት ሲቀርብ ዜማውን ከአባቶቹ የተማረ የቤተ እስራኤል ቄስ ወይም የማኅበረሰቡ ሰው ከጎን ይቀመጥ። እሱ የሌለበት ውይይት ጎደሎ ነው።

እንግዳው ዋሽንግተን ሆኖ በዙም ከሆነ ደግሞ ሁለት ነገር ልብ በሉ። መጀመሪያ ሰዓቱ። አዲስ አበባ ቅዳሜ ማታ 11 ሰዓት ሲሆን እዚያ በበጋቸው ጠዋት 4 ሰዓት፣ በክረምታቸው 3 ሰዓት ነው። ለእንግዳው ስትጽፉ በእነሱ አቆጣጠር 10 ወይም 9 በሉ፤ በእኛ አቆጣጠር ከጻፋችሁ አንዳችሁ ሌላችሁን ስትጠብቁ ትውላላችሁ። ሁለተኛ ድምፁ። ዙም ንግግር ያልሆነውን ድምፅ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ያፍነዋል። ማሲንቆ ሲመታ እየተቆራረጠ ይጠፋል። ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ «ኦሪጅናል ሳውንድ» የሚለውን ሁለታችሁም ክፈቱ። ከውይይቱ ቀን በፊት አንድ ዘፈን አሰምታችሁ ሞክሩት።

መድረክ ላይ

ደራሲውን አንዴ «አንቱ» ካላችሁት እስከ መጨረሻው አንቱ በሉት። ጓደኛችሁም ቢሆን መሃል ላይ ወደ «አንተ» አትመለሱ። የሚከታተለው ሰው ግራ ይጋባል። ጓደኛነታችሁ ከታወቀ ደግሞ ከመጀመሪያው አንተ በሉት፤ የውሸት አንቱታ ያስታውቃል።

ድምፁን ካሰማችሁ በኋላ ወዲያው አትናገሩ። ትንሽ ዝም በሉ። ጸሐፊው ራሱ ይጀምር። መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ነገር የሚመጣው በዚያች ዝምታ ነው። አንድ አዛውንት ጸሐፊ የቆየ ጭፈራ ዘፈን ካሰማኋቸው በኋላ መልስ ሳይሰጡ በሁለት ጣታቸው ጠረጴዛውን ይመቱ ጀመር። የችክችካውን፣ የእስክስታውን ምት። ከዚያ ጠንከር የምታዋን ምት ብቻ ለይተው መቱና «እስክስታ ወራጁ ትከሻውን የሚጥለው እዚህ ላይ ነው፤ ዘፋኙ ግን እዚህ አይገባም፣ ቆይቶ ነው» አሉ። አዳራሹ በሙሉ ጠረጴዛ ይመታ ጀመር። እኔ በዚያች ሰዓት ጥያቄ ብጥል ኖሮ ይህ አይመጣም ነበር።

የታዳሚው ተራ ሲደርስ ንግግር የሚያደርግ ሰው አይጠፋም። ሕግ አውጡ፤ ማይክ የያዘ ሰው መጀመሪያ የአንድ ዘፈን ስም ይጥራ፣ ከዚያ ስለዚያ ዘፈን ይጠይቅ። ይህቺ ትንሽ ሕግ ረጅሙን ዲስኩር ታሳጥራለች። የሚያፍሩትን ደግሞ ታደፋፍራለች፤ ስለ ሙዚቃ ለመናገር የሚፈራ ሰው እንኳ የሚወደው ዘፈን አለው።

ካለቀ በኋላ

ውይይቱን ቅረጹ፤ ከመጀመሪያው አስፈቅዳችሁ ግን። ኢንተርኔት ላይ ስትለቁት ያሰማችሁትን ዘፈን የባለመብቱን ፈቃድ ጠይቁ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለዘፋኙም፣ ለደራሲውም፣ ለአሳታሚውም መብት ሰጥቷል፤ ስለ እነሱ ሥራ እያወራን መብታቸውን መርገጥ አይገባም። ፈቃድ ካላገኛችሁ ዘፈኑን ቆርጣችሁ «እዚህ ላይ እገሌን ሰማን» ብላችሁ ጻፉ።

የሰው ስም ሁሉ ለጸሐፊው ተልኮ ይታረም። ከታዳሚው የመጣውንም ምስክርነት፣ ማን እንደተናገረው ጭምር፣ ጽፋችሁ ስጡት። ለሁለተኛው እትም ይጠቅመዋል። ቅጂውን ለወመዘክር መስጠት ከቻላችሁ ስጡ፤ ካልቻላችሁ ቢያንስ ሁለት ቦታ አስቀምጡት። የተሰሙትን ዘፈኖች ዝርዝር ደግሞ ግጥም፣ ዜማና ቅንብር የማን እንደሆነ ለይታችሁ በቴሌግራም ለታዳሚው ልቀቁ። በማግስቱ ጠዋት የሚጠየቀው እሱ ነው።